ለምሳ ሦስት፣ ለዝናብ ብዙ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መሠረተ ትምህርት ተምሬ ፊደል ከለየሁ በኋላ ነው፤ ያንን አውቃለሁ፤ የምሠራበትን የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የግድግዳ መፈክር አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ማንበብ ጀምሬ ነበር። ባለቤቴ «ሁለተኛዋ ልጃችን ጥርስ ያወጣችበት ዓመት ነው» ትላለች። እኔ ሦስተኛው ይመስለኛል። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ስለዚህ ዓመቱን እንተወውና ቀኑን እንያዝ። ኅዳር ነበር፤ ረቡዕ። ረቡዕን አልረሳትም።

አሁን ዲላ ነው የምኖረው። ያኔ በይርጋ ጨፌ በኩል በአንድ የገበሬዎች ማኅበር የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሠራ ነበር። የጣቢያውን ስም አልጠራም። የማወራው የራሴን ጥፋት ነው፤ ቦታው ምን አደረገ?

ሥራዬ ደወል መምታት ነበር። ደወል ስላችሁ የቤተ ክርስቲያን እንዳይመስላችሁ፤ አሮጌ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ከዋንዛ ዛፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል፣ በብረት ይመታል። እንዲህ ነው፦ እሸት ቡናው ተፈልፍሎ ከታጠበ በኋላ ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት በተሠሩ ረጃጅም አልጋዎች ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ያገላብጡታል፣ ብልሹውን ይለቅማሉ፣ ይዘፍናሉ። ዝናብ ከመጣ ቡናው ቶሎ በላስቲክ መሸፈን አለበት፤ ከረጠበ ተበላሸ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያዘው የእኔ ቸርኬ ነው። ረጋ ብሎ ሦስት ጊዜ ከተመታ፣ ምሳ። ሳያቋርጥ ከተንጣጣ፣ ዝናብ፣ ሸፍኑ። አንዲት ብረት ይዤ ያን ሁሉ ሰው ሳንቀሳቅስ ትንሽ ልቤ አብጦ ነበር። አልዋሻችሁም።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። ያኔ «ይቅርታ» የሚባል ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንዲት ፍየል ተጣልተን ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። ፍየሏ ሞታ እንኳ ጠቡ አልሞተም።

በላይኞቹ አልጋዎች የሴቶቹ አለቃ እትዬ ታደለች ነበረች። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ልጅ ሳለች ታማ በግራ ጆሮዋ አትሰማም። ስለዚህ ደወል አትጠብቅም፤ ሰማይ ታያለች። ደመናው ከየትኛው ጋራ በኩል እንደሚመጣ ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች። ዘፈኑን የምታወጣው እሷ ናት፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ቆጮ ጋግራ፣ ጎመን ሠርታ፣ ያን ሁሉ ዳገት ተሸክማ የመጣችልን እሷ ናት።

እንግዲህ ያን ዕለት ረቡዕ ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ። ቆጮው ገና አልበሰለም ነበር፤ ልጠብቅ አልወደድኩም። ባለቤቴ «አሁን ይደርሳል» ስትለኝ በሩን አልፌ ነበር። ሆዴ ሲጮህ አረፈደ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ከወንዙ ማዶ ካለው ጋራ ላይ ጥቁር ደመና ብቅ አለ። ወደ ቸርኬዬ ሮጥኩ። ብረቱን አንስቼ መታሁ። ከዚያ የተቀደዱትን የሚተካ ላስቲክ ላመጣ መጋዘን ገባሁ።

ስወጣ ዝናቡ ወርዷል። ሴቶቹ ከምሳ መብያው ዳስ በኩል እየሮጡ መጥተው የመጨረሻዎቹን አልጋዎች ይሸፍናሉ። ለምን ከዚያ በኩል እንደመጡ አልጠየቅኩም። ሁሉም አልጋ ተሸፍኗል፣ ከአንዱ በቀር። ያ አልጋ ራቁቱን ነው፤ ቡናው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። አጠገቡ እትዬ ታደለች ላስቲኩን በእጇ ይዛ፣ እስከ ቀሚሷ ጫፍ ረጥባ፣ ቆማለች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ወይም አውቃለሁ፤ ረሃብና ድንጋጤ ነው።

«ጆሮ የለሽም እንዴ!» አልኩ በጩኸት። «ያን ያህል ስደውል አትሰሚም? የሕዝብ ቡና ነው እኮ! ይሄ አሻጥር ነው፣ አሻጥር!»

ከሴቶቹ አንዷ «በየነ፣ የተደወለው እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ዝም በይ!» አልኳት።

የእትዬ ታደለች ፊት ረጥቦ ስለነበር ዝናብ ይሁን ሌላ አልለየሁትም። አንድ ነገር ብቻ አየሁ፦ ደህናዋን ጆሮዋን ወደ እኔ አዙራ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

እናንተ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። በዚያ ዘመን «አሻጥር» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። በሬዲዮ ይነገራል፣ በግድግዳ ይጻፋል፤ ሰው ላይ ከተለጠፈ በቶሎ አይለቅም። የጣቢያው ኃላፊ ጩኸቴን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። ወጣት ነው፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደብተር የያዘ ሰው ነበር።

«ጓድ በየነ፣ አሻጥር ነው ያልከው?»

ምን ልበል? ሰው ፊት ብያለሁ። «አዎ» አልኩ።

ጻፈ። «ቅዳሜ በስብሰባ ይታያል። ከተረጋገጠ ከአልጋ ሥራ ትወርዳለች።»

ዝናቡ ሲያባራ አልጋዎቹ ተገለጡ፣ ማገላበጡ ቀጠለ። ዘፈኑ አልቀጠለም። ከአልጋ ወደ አልጋ ስሄድ የሚሰማው የቡናው መንኮሻኮሽ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ዝምታ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ከሥራ ስወጣ ጨው ልገዛ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከመሀል አገር የመጡ ሙስሊም ናቸው፤ ከኔ በፊት የነበሩ፣ የአገሩን ቋንቋ ጌዴኡፋውን ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ። የቀትር ሰላታቸውን ለመስገድ ሱቁን የሚዘጉት በእኔ የምሳ ደወል ነበር።

«በየነ» አሉኝ ጨዉን እየመዘኑ፣ «ዛሬ ምን ነካህ? ምሳ ብለህ ሦስት ስትመታ ሱቄን ዘጋሁ። ለውዱእ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ዝናቡ ራሱ አጠበኝ!»

«ምሳ አልደወልኩም ጋሼ። ዝናብ ነው የደወልኩት።»

«ሦስት ነው የደወልከው።»

«ብዙ ነው!»

«ጓ... ጓ... ጓ። አራተኛውን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ጠዋት ምን በልተህ ነበር?»

«ምንም።»

«እኮ። ሆድህ ነው የደወለው።»

ልከራከር አፌን ከፈትኩ፤ እጄ ከለከለኝ። እጄ ያስታውሳል። ብረቱን አንስቼ በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ እንደማደርገው ረጋ ብዬ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ብረቱን አስቀምጬ ወደ መጋዘን። የጨው ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

እሳቸው አልጨረሱም። «ከሱቄ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ሁሉም ምሳ ብሎ ሲሄድ ያቺ ሴት ሰማዩን አይታ ብቻዋን ቀረች። ከአልጋ አልጋ እየሮጠች የሌሎቹን ስትሸፍን፣ ዝናቡ የራሷ አልጋ ላይ ደረሰባት።»

አያችሁ? እኔ የደወልኩትን ስህተት በእግሯ ልታቃና ስትሮጥ የነበረችውን ሴት ነው ጆሮ የለሽም ያልኳት።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ቆጮው እኮ ደርሶ ነበር» አለች። እውነቴን ነው፣ ከዚያ የባሰ ሊባል የሚችል ነገር አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት፣ በልቼ ነው እንግዲህ፣ ሄጄ በጆሮዋ ይቅርታ ልላት ቆረጥኩ። ለብቻዋ፣ ማንም ሳይሰማ። ቅዳሜ የሚሆነውን ፈርቼ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብል ያቺ «አሻጥር» ያልኳት ቃል ዞራ እኔው ላይ ልትለጠፍ ነው። ለብቻዋ ብነግራት ምናልባት እሷ ይቅር ትለኛለች፣ ኃላፊውም ይረሳዋል ብዬ አሰብኩ። የፈሪ ሂሳብ።

ወደ አልጋዋ ቀረብኩ። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ «እትዬ ታደለች፣ የረቡዑ ጥፋት የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

በዓይኗ ጥግ ፊቴን አየት አድርጋ ቡናውን ማገላበጥ ቀጠለች። ያን ጊዜ ነው የቆምኩበትን ያየሁት። በግራዋ በኩል ነኝ! ለማይሰማው ጆሮ ነው የነገርኩት።

ዞር ብላ አየችኝና «ምን አልከኝ?» አለች።

ድፍረቴ ሁሉ አንዴ ወጥቶ አልቋል። «ላስቲኩን... ላስቲኩን በደንብ እጠፉት» አልኩና ሄድኩ። ከኋላዬ አንዷ ስትስቅ ሰማሁ። ለምን እንደሳቀች የገባኝ ቅዳሜ ነው።

አርብ ከሥራ በኋላ ሱቅ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ያንን ቀዩን ሻሽ ያውርዱልኝ።»

«ለባለቤትህ?»

«ለእትዬ ታደለች። ለይቅርታ።»

ባለሱቁ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ለሰው ሚስት ቀይ ሻሽ! ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ወይስ ባሏን መጥረቢያ አስይዘህ ሱቄ ልታመጣብኝ? አልሸጥልህም።»

«እንግዲያስ ሳሙና...»

«ቆሽሸሻል ልትላት ነው? አልሸጥም። ባዶ እጅህን ነው የምትሄደው። ዕቃ ከሰጠሃት ዕቃውን ታመሰግናለች፣ አንተ ሳትናገር ትቀራለህ። አፍህን ይዘህ ሂድ።»

«አፌ እምቢ አለኝ ጋሼ።»

«እናለማምደዋለን» አሉ። ሚዛናቸውን ወደ መሀል ሳቡት። «እኔ ታደለች ነኝ። በል ተናገር። 'ግን' ባልክ ቁጥር አንድ ድንጋይ እጭናለሁ።»

ሳቄ መጣ፤ ጢማም ታደለች አይቼ አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «እትዬ ታደለች፣ ይቅርታ፤ ሰው ፊት ጮህኩብሽ፤ ግን ያን ዕለት ቁርስ...»

ጠቅ! የሩብ ኪሎው ድንጋይ ሚዛኑ ላይ አረፈ።

«ይቅርታ፤ ተሳስቻለሁ፤ ግን ዝናቡ...»

ጠቅ! ግማሽ ኪሎ። «ዝናቡን ተወው። ዝናቡ አልተሳደበም።»

«ይቅርታ፤ ግን አንቺም ብትነግሪኝ ኖሮ...»

ይሄኔ የኪሎውን ድንጋይ አንስተው ጣሉት፤ የሚዛኑ ሳህን ጠረጴዛውን መታ። «አየህ ወዴት እንደደረስክ? ገና በሦስተኛው 'ግን' ጥፋቱን እሷ ላይ መለስከው!»

ስንት ጊዜ እንደደጋገምን አላስታውስም። ሳሙና ሊገዙ የመጡ ሰዎች ቆመው ሲያዩን «ሚዛን እያስተካከልን ነው» ይሏቸዋል። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ጨረስኩ። አጭር ነበር። ይቅርታ እንዲያ አጭር ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ የሚያረዝመው ሌላው ነው።

«ነገ እዚያው ሰው ፊት» አሉኝ ስወጣ። «ልብስ የሚጣፈው ቀዳዳው ባለበት ነው።»

«ኃላፊው ከሥራ ቢያወጣኝስ?»

«ያወጣህ ይሆናል» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» ይለኝ ነበር። እሳቸው አልዋሹኝም። እንደዚያ ስላሉኝ ይመስለኛል እግሬ የጸናው።

ቅዳሜ ሁላችንም በጣቢያው ግቢ ተሰበሰብን። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ኃላፊው በመሀል ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ። እትዬ ታደለች ከፊት ተቀምጣለች፤ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ። ከሽቦ አጥሩ ውጭ ባለሱቁ ቆመዋል። አባል ስላልሆኑ መግባት አይችሉም፤ ማየት ማን ይከለክላቸዋል?

እንደ ወጉ ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን። መፈክሩ ሲያልቅ ሁሉም እጁን አወረደ። የእኔ እዚያው ቀረ። ልናገር ብዬ ነው ያቆየሁት ወይስ ደርቆ ነው፣ እኔም አላውቅም።

«ጓድ በየነ፣ መፈክሩ እኮ አልቋል» አለ ኃላፊው።

«እኔ አላለቅኩም ጓድ» አልኩ። ሰው ሳቀ። ልቤ እንደ ቸርኬው ያለማቋረጥ ይመታል።

«ረቡዕ የዝናብ ደወል አልመታሁም» አልኩ። «የመታሁት የምሳ ነው። ሴቶቹ ምሳ የሄዱት እኔ ስለደወልኩ ነው። እትዬ ታደለች ሰማዩን አይታ የሌሎቹን አልጋ ስትሸፍን የራሷ ቀረባት። እኔ ሰው ፊት ጆሮ የለሽም አልኳት፤ አሻጥር አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ፣ እትዬ ታደለች።»

እዚህ ላይ አፌ መዘጋት ነበረበት። አልተዘጋም። ያቺ ትንሽ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ልትወጣ ስትል ወደ አጥሩ አየሁ። ባለሱቁ የኪሎውን ድንጋይ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ከፍ አድርገው ይዘዋል! ቃሏን ዋጥኳት። ሳል መሰለ።

ከዚያ የቆምኩበትን አየሁ። አሁንም በግራዋ በኩል ነኝ። ሰዉን እየጣስኩ፣ የአንዱን እግር እየረገጥኩ፣ ዞሬ በቀኟ ቆምኩና እንደ አዲስ «ይቅርታ፣ እትዬ ታደለች» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሐሙስም ሰምቼሃለሁ» አለች።

«እንዴት? በግራሽ...»

«በዓይኔ ነዋ። ስንት ዓመት ከንፈር እያየሁ ነው የኖርኩት። ሰው ፊት የተሰደብኩ ሰው ነኝ በየነ፤ የሹክሹክታ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? እነዚህም ይስሙ ብዬ ጠበቅኩህ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ «ሰማችሁ?» አለች።

«አልሰማንም! ይድገመው!» አሉ ሁሉም በአንድ ላይ።

ደገምኩት። ምን ላድርግ? ሦስተኛው ከመጀመሪያው ይቀል ነበር።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አንስቶ ግራ ገብቶታል። «ታዲያ ይሄ አሻጥር ተብሎ ተጽፏል። በማን ስም ላድርገው?»

ይህችን ጥያቄ ነበር ሦስት ቀን ሙሉ የፈራኋት። «በእኔ ስም ይሁን» ልል ስል እትዬ ታደለች ቀደመችኝ።

«በቁርሱ ስም ጻፈው፣ ጓድ» አለች። «ሳይበላ ነው የወጣው፤ ሚስቱ ነግራኛለች።»

ያን ዕለት እንደተሳቀው በዚያ ግቢ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ኃላፊው መጀመሪያ ፊቱን ሊያጠብቅ ሞከረ፤ አልቻለም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ ደብተሩ ላይ ያለውን መስመር ሰረዘው። ሲሰርዝ እስክሪብቶው የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ቅጣት አልቀረልኝም፤ እትዬ ታደለች ራሷ አወጣችው። የረጠበው ቡና ለብቻው እስኪደርቅ ድረስ በየቀኑ ከእሷ ጋር ቆሜ እንዳገላብጥ። የዝናቡ ደወል ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሷ ሆነ፤ ሰማዩን ቀድሞ የሚያየው ማን ሆነና! ለእኔ የምሳው ተተወልኝ። ያ ቡና በዝቅተኛ ደረጃ ሄደ፤ ያንን መመለስ አልተቻለም። ሰኞ ጠዋት አልጋው ዘንድ ስደርስ፣ በቀኟ ነው የቆምኩት፣ እትዬ ታደለች ጉሮሮዋን ጠርጋ ዘፈን አወጣች። በጌዴኡፋ ነው፤ ትርጉሙ «በየነ ዛሬ በልተህ መጥተሃል ወይ፣ ዝናብ አብልተኸን እንዳትሄድ» ነው። ሌሎቹ ተቀበሏት። ሲሰድቡኝ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በስብሰባው ማግስት እሁድ፣ ማለትም ከዘፈኑ በፊት፣ ቅደም ተከተሉን አበላሸሁባችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወደ ወንድሜ ቤት ሄጄ ነበር። ስለ ፍየሏ። በሩ ላይ ቆሜ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ለመናገር ነው የቆየኸው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ግባ» አለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ተቆጥቼ እንደማላውቅ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ተቆጥቻለሁ። ልጆቼን፣ ጎረቤቴን፣ አንዴ ደግሞ... አይ እሱ ይቅር፣ በራሴ ላይ ብቻ ላውራ። የተለወጠው ከቁጣው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ድሮ ሁለት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ከእራት አያልፍም። ይቅርታ ልል ስሄድም ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው በየትኛው ጆሮው ይሰማል? ሁሉም ሰው የሚሰማበት ወገን አለው። አንዳንዱ በሰው ፊት ነው፣ አንዳንዱ ለብቻው ነው፤ ዞሮ በዚያ በኩል መቆም የአጥፊው ሥራ ነው። እናንተም ዛሬ ዞራችሁ ይቅርታ የምትጠይቁት ሰው ካለ፣ በልታችሁ ሂዱ።

ባለሱቁ እርጅና ሲጫናቸው ሱቁን ለልጃቸው አስረክበው ነበር። ልሰናበታቸው ስሄድ ያንን የኪሎ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። አሁን መስኮቴ ላይ አለ። ከባለቤቴ ጋር ስንጨቃጨቅ አንስታ ፊቴ ታስቀምጠዋለች።

ያኔ፣ ስብሰባው እንዳበቃ ወዲያው ከአጥሩ ሥር ባለሱቁን ላመሰግናቸው ስሄድ «ስሜን እዚህ ውስጥ አታግባ፤ የተናገርከው አንተ ነህ» አሉኝ። እስከዚህ መስመር ድረስ ቃላቸውን አክብሬ መጣሁ። አሁን ይቅር ይበሉኝ፣ ልጠራው ነው፦ ሸምሱ ይባሉ ነበር። ጋሽ ሸምሱ።